ሽሮዲንገር፣ ድመቷ እና የካዛንቺስ ፍቅረኞች

ከኢሲኤ እስከ ኡራኤል፣ ከስታዲየም እስከ ቂርቆስ ባሉት ካፌዎች ማታ ማታ ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ኪራይ ስንት ገባ የሚለው እንዳይመስላችሁ። ምን ነን የሚለው ነው። ስምንት ወር ሙሉ አብሯት ማኪያቶ የጠጣ፣ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ቴክስት ሲላላካት የሚያመሽ፣ የታናሽ ወንድሟን የማትሪክ ውጤት ሳይቀር የሚያውቅ ልጅ ይቺ ጥያቄ ስትመጣ ድንገት ባትሪው ያልቅበታል። ፍቅረኛሞች ናችሁ? አዎም አይደለምም። ጓደኛሞች ናችሁ? እሱም አይደለም። በቃ እንዲሁ ናቸው።

ለዚህ እንዲሁ ለሚባለው ነገር ኢንተርኔት ላይ ሳይንሳዊ ሽፋን ተገኝቶለታል፤ የሽሮዲንገር ግንኙነት ነው ይባላል። ሳጥን ውስጥ እንደተዘጋችው እንደ ዝነኛዋ ድመት፣ ክዳኑ እስኪከፈት ድረስ ፍቅሩ አለም፣ የለምም። ያስቃል። መልስ መስጠት ለማይፈልግ ሰው ደግሞ ፊዚክስ የጠቀሰ ስለሚመስል በጣም ይመቸዋል። ግን የድመቷ ባለቤት ማን እንደነበረ፣ ራሱ ከሴቶች ጋር እንዴት እንደኖረና የዚያን አኗኗር ሒሳብ ማን እንደከፈለ ብዙ ሰው አያወራም። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ሒሳቡን ማን ከፈለ የሚለው ነገር ዝም አያሰኘኝም።

የአዲስ አበባ እኩያ

ስሙ በሽሮ ስለሚጀምር የሰፈር ልጅ ቢመስልም ኤርዊን ሽሮዲንገር የቪየና ልጅ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ በነሐሴ ወር 1887 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1879 ዓ.ም ማለቂያ ላይ መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት። ስለዚህ ኳንተም ፊዚክስን ከወለዱት ሰዎች አንዱ የከተማችን እኩያ ነበር ማለት ይቻላል። የአድዋ ድል ሲሰማ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነው።

ለቤተሰቡ ብቸኛ ልጅ ነበር። አባቱ ሙሻማና የወለል ንጣፍ የሚያመርት ድርጅት ነበራቸው፤ ቤቱ ጥሩ ቤት ነው። እስከ አሥር ዓመቱ ገደማ እቤቱ እየተጠና አደገ፤ በ1910 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ዶክትሬቱን ያዘ።

የመጀመሪያ ትልቅ ፍቅሩ ፌሊሲ ክራውስ ትባላለች። ቤተሰቦቻቸው ይተዋወቃሉ፤ ልጆቹም ተፈላልገዋል። ታዲያ የልጅቷ እናት ነገሩን አልወደዱትም። የወጣት ፊዚክስ መምህር ደሞዝ ቤት አያቆምም። ኤርዊን ፊዚክስን ትቶ አባቱ ፋብሪካ ሊገባ ሁሉ አስቦ ነበር፤ አባቱ ግን አይሆንም አሉ። በ1913 ነገሩ ፈረሰ። ኑሮ ያልሞላለት ልጅ በአማት ፊት ተመዝኖ ሲቀልል ካዛንቺስ የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ ቪየና ቀድማናለች። ልብ በሉ፤ እዚያ ቤት ሁለት ወላጆች እምቢ ባይሉ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ሙሻማ ነጋዴ ነበር። ስለሱም አናወራም ነበር።

ከዚያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ በመድፈኛ መኮንንነት ጣሊያን ግንባር ዘመተ። ሲመለስ ቪየና ተርባለች፤ የዋጋ ንረቱ የቤተሰቡን ሀብት ጠራርጎታል፤ በ1919 አባቱ ሞቱ። በዚያ ሰዓት ነው የሳልዝቡርጓን አኒ በርተልን ለማግባት የወሰነው። አኒ ቪየና ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራ ነበር። የእሷ የወር ደሞዝ ከእሱ የዓመት ገቢ ይበልጥ እንደነበር የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። ዶክተሩ በዓመት የሚያገኘውን ጸሐፊዋ በአንድ ወር! በ1920 ተጋቡ፤ የተሻለ ደሞዝ ፍለጋም ከአገር ወጡ። በ1921 ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ገባና ፕሮፌሰር ሆነ። ስደትና ደሞዝ የፍቅር ጉዳይ መሆናቸው ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

በገና ሰሞን የመጣ እኩልታ

ዙሪክ ላይ ትዳሩ ለሁለቱም ክፍት በር ሆነ። እሱ ሌሎች ሴቶች ነበሩት። አኒም በበኩሏ የባሏን ጓደኛ፣ የሒሳቡን ሊቅ ኸርማን ቫይልን ወደደች። እሱም ተደብቆ አልነበረም፤ ባልየው ያውቃል። ፍቺ ተነስቶ ያውቃል፤ ግን ሳይፋቱ ኖሩ። ልጅም አልወለዱም።

በ1925 የፈረንጆች ገና ኤርዊን ሻንጣውን ይዞ አሮሳ ወደምትባል የስዊዝ ተራራ ሄደ፤ ቀደም ሲል ሳንባውን ታሞ ያገገመባት ቦታ ናት። ሚስቱን ዙሪክ ትቶ አንዲት የድሮ የቪየና ፍቅረኛውን ጋበዘ። የዚያ ዓመት ማስታወሻው ስለጠፋ የሴትየዋን ስም እስከ ዛሬ ያገኘ ታሪክ ጸሐፊ የለም። እዚያ በረዶ መሃል ነው በኋላ ስሙን ያስጠራውን እኩልታ መሥራት የጀመረው። በጥር 1926 የመጀመሪያውን ጽሑፍ ለኅትመት ላከ፤ ዓመቱ ሳይጋመስ ተከታታዮቹንም ላከ። ሒሳቡ ሲከብደው ማን እንደረዳው ታውቃላችሁ? ኸርማን ቫይል። አዎ፣ የአኒ ኸርማን። በእኛ ሰፈር ቢሆን ሁለቱን ለማስታረቅ ሽማግሌ ሦስት ቀን ይቀመጥ ነበር፤ እነሱ ቁጭ ብለው እኩልታ ፈቱ።

እኩልታው በአጭሩ ይሄ ነው። ኤሌክትሮን የምንለው ትንሽ ቅንጣት አንድ ቦታ እንደተቀመጠች የቢሊያርድ ድንጋይ ሳይሆን እንደ ሞገድ ይታሰባል፤ እኩልታው ሞገዱ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ ይነግረናል። ወዲያው በዚያው ዓመት ማክስ ቦርን የተባለ ፊዚሲስት የሞገዱን ትርጉም አስረዳ፦ ሞገዱ ኤሌክትሮኗ የት ልትገኝ እንደምትችል ዕድሉን ነው የሚሰጠው። የት እንዳለች ለማወቅ መለካት አለባችሁ፤ ሳይለካ መልሱ እናያለን ነው። ሽሮዲንገር ይሄን ትርጉም እስኪሞት አልወደደውም። የራሱ ልጅ አድጎ የማይፈልገውን ሰው እንዳገባበት አባት ሆነ።

ደግሞ ይሄ የሩቅ ነገር አይደለም። አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ስልክ ውስጥ ያለው ቺፕ የሚሠራው ኤሌክትሮኖች በሲሊከን ውስጥ እንዴት እንደሚመላለሱ ስለታወቀ ነው፤ ያንን የምንረዳው በዚህ እኩልታ ነው። አይታ ያልመለሰችላችሁን መልእክት ያደረሰው የሽሮዲንገር ፊዚክስ ነው። አለመመለሷ ግን የፊዚክስ ጥፋት አይደለም።

ሁለት ሴቶች፣ አንድ ድመት

በ1927 ማክስ ፕላንክ ጡረታ ሲወጣ ሽሮዲንገር በርሊን ላይ ወንበሩን ወረሰ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ለቆ ወጣ፤ አይሁዳዊ ስላልነበረ ማንም አላባረረውም፤ ነገሩን ስላልወደደው ነው የሄደው። ኦክስፎርድ በደረሰ ሰሞን የኖቤል ሽልማቱ ዜና ደረሰው፤ ከእንግሊዛዊው ፖል ዲራክ ጋር ነው የተካፈለው።

ኦክስፎርድን ያስደነገጣት ግን ኖቤሉ አይደለም። ሰውየው የመጣው ከአኒ ጋር ብቻ አይደለም፤ የሥራ ባልደረባው የአርተር ማርች ሚስት ሒልደም አለች። በ1934 ሒልደ ሩት የምትባል ሴት ልጅ ወለደችለት። አኒም ልጅቷን አብራ ተንከባከበች። የኦክስፎርድ ሰዎች አንድ ሚስት ራሱ ለፕሮፌሰር ይበዛል ብለው በሚያስቡበት ዘመን ሁለት ይዞ ከች አለ።

ድመቷ የመጣችው በዚህ መሃል፣ በ1935 ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ድመት የብረት ሳጥን ውስጥ ትዘጋለች። አጠገቧ በጣም ትንሽ ጨረር አመንጪ ነገር አለ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ አቶም ሊፈርስም ላይፈርስም ይችላል፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ከፈረሰ መቁጠሪያው ይነቃል፣ መዶሻው ይወድቃል፣ የመርዝ ጠርሙሱ ይሰበራል፣ ድመቷ ትሞታለች። እኩልታውን ቃል በቃል ከወሰድነው ከሰዓቱ በኋላ አቶሙ የፈረሰም ያልፈረሰም ነው፤ ሱፐርፖዚሽን የሚሉት ይሄ ነው። እንግዲያው ድመቷም የሞተችም ያለችም መሆኗ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሽሮዲንገር ይሄን ያለው ድመት እንዲህ ትሆናለች ለማለት አይደለም። እየቀለደ ነው! ለአቶም የሚሠራውን ነገር ዝም ብላችሁ ወደ ድመት ካመጣችሁት ወደ ቂልነት ትሄዳላችሁ፤ የሆነ ቦታ ላይ ትርጉማችሁ ጎድሏል ለማለት ነው ታሪኩን የፈጠረው። የኛ ሰው ግን ቀልዱን ወስዶ መመሪያ አደረገው። ለድመት እንኳን ቂልነት ነው የተባለውን ለሰው ልጅ ፍቅር አስፀደቀው።

በዚያው ዓመት ሽሮዲንገር ሌላም ስም አወጣ፤ በእንግሊዝኛው ኢንታንግልመንት የሚባለውን፣ እኛ ጥልፍልፍ ልንለው የምንችለውን። ሁለት ቅንጣቶች አንዴ ከተጠላለፉ በኋላ ምንም ያህል ቢራራቁ አንዷን ስትለኳት የምታገኙት ውጤት ከሌላኛዋ ውጤት ጋር ይያያዛል። አንዷ ኡራኤል፣ አንዷ ዋሽንግተን ብትሆን እንኳ። ለርቀት ፍቅር ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም። ግን ከታች በትንሽ ፊደል የተጻፉ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በጥልፍልፍ መልእክት መላክ አይቻልም። እዚህ ያለውን ቅንጣት የለካ ሰው የሚያየው ነገር በዘፈቀደ የመጣ ነው የሚመስለው፤ መያያዙ የሚታወቀው ሁለቱ ሰዎች በስልክ ወይም በደብዳቤ ውጤታቸውን ሲያስተያዩ ብቻ ነው። ካፈቀረኝ ሳልነግረው ይገባዋል ብላችሁ ለሦስት ቀን ያኮረፋችሁ ሰዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ኤሌክትሮን እንኳን ደውላ ነው የምትግባባው።

ሁለተኛ፣ ፊዚሲስቶች በኋላ እንዳረጋገጡት ጥልፍልፍ አይከፋፈልም። አንድ ቅንጣት ከሌላው ጋር ሙሉ በሙሉ ከተጠላለፈ ከሦስተኛ ጋር ቅንጣት ታህል ሊጠላለፍ አይችልም። ከአንዱ ጋር በጨመረ ቁጥር ከሌላው ጋር ይቀንሳል። ይሄን ሕግ ራሳቸው የአንድ ለአንድ ትዳር በሚል ስም ነው የሚጠሩት። ስሙን ያወጣው ሰው ሁለት ቤት ሲያስተዳድር፣ የሰየመው ነገር ግን ከሱ ይልቅ ጨዋ ሆኖ ተገኘ።

ከግራትስ እስከ ደብሊን

በ1936 አገሩ ናፈቀውና ኦስትሪያ፣ ግራትስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ካዛንቺስ የሚለው ስም እዚያ ዘመን ላይ ነው የተወለደው፤ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት ምህጻረ ቃል ኢንቺስ ይባል ነበር፤ የኢንቺስ ቤቶች በጣሊያንኛ ሲጠሩ በኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኑ።

በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲጠቀልሉ ሽሮዲንገር እዚያው ነው። ያኔ ደግሞ በፖለቲካ ሱፐርፖዚሽን ገባ፦ አምስት ዓመት ቀድሞ ትቷቸው የወጣውን ሰዎች የሚያወድስ ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ አወጣ። በኋላ ተጸጽቷል። ደብዳቤውም አላዳነውም፤ በዚያው ዓመት ከሥራ ተባረረ፤ ከአኒ ጋር በጥቂት ሻንጣ ወደ ሮም አመለጡ።

ያነሳው የአየርላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሞን ደ ቫሌራ ነው። ደ ቫሌራ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር በመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዲጣል ከደገፉት መሪዎችም አንዱ ነው። ደብሊን ላይ የከፍተኛ ጥናት ተቋም አቋቁሞ ሽሮዲንገርን አመጣው። በ1939 ኤርዊን፣ አኒ፣ ሒልደና ትንሿ ሩት ደብሊን ውስጥ አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ጀመሩ። በ1943 ትሪኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ሕይወት ምንድን ነው በሚል ርዕስ ተከታታይ ንግግር አደረገ፤ በ1944 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ በኋላ የዲኤንኤን ቅርጽ ያገኙትን ሳይንቲስቶች ወደ ዘርፉ ከሳቡት ነገሮች አንዱ ሆነ። ደብሊን ላይም ከሁለት የተለያዩ ሴቶች ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ።

አስጠኚው

እስከዚህ የሳቅነው በአዋቂዎች ነው። አኒም፣ ሒልደም፣ ቫይልም የሚያደርጉትን የሚያውቁ፣ ሲፈልጉ አይሆንም ማለት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስቅም።

አስጠኚ የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ ቤት የለም። ሽሮዲንገርም ዙሪክ ሳለ፣ ያ እኩልታ በወጣበት በ1926፣ የ14 ዓመት መንትያ እህትማማቾችን ሒሳብ ያስጠና ነበር። ዕድሜው ወደ አርባ ነው። ከአንዷ ጋር ከሒሳብ ያለፈ ነገር ጀመረ፤ ልጅቷ 17 ሲሞላት ግንኙነቱ ሙሉ ሆነ። በኋላ ከእሱ አረገዘች፤ ፅንሱ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲያ መውለድ አልቻለችም። ደብሊንም ላይ፣ ሃምሳ ካለፈ በኋላ፣ የ12 ዓመት ልጅ ላይ ዓይኑን ጥሎ የተወው የቤተሰቧ ሰው ጣልቃ ሲገባ ነው።

ይሄ በሚስጥር የተያዘ አልነበረም። በ1989 የወጣው የዋልተር ሙር የሕይወት ታሪክ ጽፎታል፤ ግን እንደ ሊቅ አመል ተቆጥሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ታለፈ። በ2021 መጨረሻ የአየርላንድ ጋዜጣ ጉዳዩን ሲያነሳው ነው ተማሪዎች የጠየቁት። በ2022 ትሪኒቲ ኮሌጅ በስሙ የተሰየመውን የፊዚክስ ንግግር አዳራሽ ስም ቀየረ። እኩልታው ከሰሌዳው አልጠፋም፤ ትክክል ነውና። ስሙ ግን ከበሩ ላይ ወረደ።

እኛ አገር የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አስጠኚና ተማሪ፣ አለቃና ተለማማጅ፣ ኪራይ ከፋይና ወላጅ የሌላት ልጅ እኩል ሚዛን ላይ አይደሉም። ያኔ ነገሩ ግልጽ አይደለም የሚባለው ለአንዱ ወገን ብቻ ነው። አርባ ዓመት የሞላው ፕሮፌሰር ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ በደንብ ያውቃል።

የልጅ ልጁ ጥያቄ

ደብሊን ከተወለዱት ልጆቹ አንዷ ሊንዳ፣ ከእናቷ ጋር ወደ ሮዴዥያ፣ ወደ ዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ሄዳ አደገች። ልጇ ቴሪ ሩዶልፍ አያቱ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ነው ያደገው፤ ሆኖም የኳንተም ፊዚሲስት ሆነ፤ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ነው። በ2012 ከማቲው ፑሲና ከጆናታን ባሬት ጋር ያሳተመው ጥናት ደግሞ ልክ አያቱ የተብሰለሰለበትን ጥያቄ ነው የሚያነሳው፦ ሞገዱ በእውን ያለ ነገር ነው ወይስ የእኛ አለማወቅ ብቻ? መልሳቸው፣ በተወሰኑ ምክንያታዊ ግምቶች ሥር፣ ሞገዱን የእኛ አለማወቅ ብቻ አድርገን ብንወስደው ከኳንተም ፊዚክስ ትንበያዎች ጋር ይጋጫል የሚል ነው። ማለትም በኤሌክትሮን ዓለም ሱፐርፖዚሽን ሰበብ አይደለም።

የካዛንቺሱ ልጅ ግን ኤሌክትሮን አይደለም። ምን ነን ስትባል ባትሪህ የሚያልቀው አቶም ስለሆንክ ሳይሆን መልሱን ስለምታውቀው ነው። ኢኮኖሚክስ ለዚህ የራሱ ስም አለው፤ የመረጃ አለመመጣጠን ይባላል። ያገለገለ መኪና የሚሸጠው ሰው ሞተሩን ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም፤ ኪሳራው የገዢው ነው። ፍቅርም ላይ እንዲሁ፤ አንደኛው ሳጥኑን ከፍቶ አይቶ መልሶ ዘግቶታል፤ ሌላዋ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። የምትጠብቅበት እያንዳንዱ ወር ደግሞ ሌላ ቦታ ልትኖረው የምትችለው ወር ነው። ጾታው ቢገለበጥም ሒሳቡ አይለወጥም።

ሽሮዲንገር በ1956 ወደ ቪየና ተመለሰ። በጥር 1961፣ በእኛ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም፣ የከተማ እኩያው አዲስ አበባ ገና ከታኅሣሡ ግርግር ስትረጋጋ፣ በ73 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ካዛንቺስ አፋፍ ላይ አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። አልፕባክ በምትባል የኦስትሪያ መንደር ባለው መቃብሩ ላይ እኩልታው ተጽፏል። እስከ መጨረሻው ያልተለየችው አኒ ከአራት ዓመት በኋላ ተከተለችው።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም ብዙ አሮጌ ቤቶቿ ፈርሰው፣ ነዋሪዎቿ ተበትነው መልኳ ተቀይሯል። መገናኛ ቦታዎቻችን ሳይቀሩ ጠፍተዋል፤ አንዳንዱ ፍቅር እዚያ ካፌ ጋር አብሮ ፈርሷል። ይቺ ከተማ እርግጠኛ ያልሆነ ነገር ሞልቷታል፤ እኛ ደግሞ ሆን ብለን መጨመር የለብንም። የምትጠብቁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ጠይቁ፤ ከአንድ ማኪያቶ በላይ አያስወጣም። የምትጠበቁም ካላችሁ የምታውቁትን ተናገሩ፤ ድመቷን እዚያ ውስጥ አትተዉአት።